ስለ ቶዮታ ታሪክና ዝና ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ቶዮታን የማያውቅ ኢትዮጵያዊ አለ ለማለት ያስቸግራል፤ ከየት እንደመጣና ስሙን እንዴት እንዳተረፈ የሚያውቀው ግን ጥቂት ነው። ከዚህ በታች ያሉት ጥያቄዎች በጋራዥም፣ በመኪና ድለላም፣ በቤተሰብ ጨዋታም ላይ አዘውትረው የሚነሡ ናቸው። ሌላ ነገር ካልተጠቀሰ በቀር ዓመቶቹ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ቶዮታ ከሽመና ተነሣ የሚባለው እውነት ነው?

እውነት ነው፤ ታሪኩ የሚጀምረው አንዲት እናት ከምትሸምንበት የገጠር ቤት ነው። ሳኪቺ ቶዮዳ በ1867 በዛሬዋ የኮሳይ ከተማ አካባቢ፣ በሺዙኦካ አውራጃ፣ ከአናጢ አባት ተወለደ። እናቱ በእጅ መሸመኛ ስትደክም እያየ ያደገው ይህ ልጅ ከአባቱ የተማረውን የእንጨት ሥራ የእርሷን ድካም ለማቅለል አዋለው፤ በ1891ም በሁለት እጅ ይሠራ የነበረውን መሸመኛ በአንድ እጅ እንዲሠራ በማሻሻሉ የመጀመሪያውን የፈጠራ መብት አገኘ።

በሽመና ትልቁ ጣጣ የክር መበጠስ ነው። ሽሮ ሜዳ ሄዶ ሸማኔ ሲሠራ ያየ ሰው እንደሚያውቀው፣ ባለሙያው አንድ የድር ክር ሲበጠስበት እጁን ገታ አድርጎ ይቋጥርና ሥራውን ይቀጥላል። ማሽን ግን ዓይን ስለሌለው ክሩ መበጠሱን ሳያውቅ የተበላሸ ጨርቅ ማምረቱን አይተውም፤ በዚህም ምክንያት መሸመኛዎቹን ቆሞ የሚጠብቅ ብዙ ሰው ያስፈልግ ነበር። ሳኪቺ ከልጁ ከኪይቺሮ ጋር ሆኖ በ1924 ከፍጻሜ ያደረሰው «ጂ» የተባለው አውቶማቲክ መሸመኛ ድሩ ሲበጠስ ወይም ማጉ ሲያልቅ ራሱን በራሱ ያቆማል፤ መወርወሪያውንም ሥራው ሳይቋረጥ ይለውጣል። አንድ ሠራተኛ በርካታ መሸመኛዎችን በአንድ ጊዜ መቆጣጠር ቻለ። በ1929 የእንግሊዙ ፕላት ብራዘርስ የተባለ ስመ ጥር የሽመና ማሽን አምራች የዚህን መሸመኛ የፈጠራ መብት በ100,000 ፓውንድ ገዛ፤ በዚያን ጊዜ በሽመና ማሽን ዓለምን ትመራ የነበረችው እንግሊዝ መሆኗን ለሚያስታውስ ሰው ይህ ቀላል ነገር አይደለም።

ችግር ሲፈጠር ራሱን የሚያቆም ማሽን የሚለውን ሐሳብ አንባቢ ልብ እንዲልልን እንለምናለን፤ የቶዮታ ዝናም፣ የዝናው መሰንጠቅም የሚፈታው በእርሱ ነው።

ወደ መኪና እንዴት ተሻገሩ?

ሳኪቺ በ1930 ሲያርፍ ልጁ ኪይቺሮ የመኪና ሐሳብ በውስጡ ሲመላለስ ቆይቶ ነበር። በ1933 በአውቶማቲክ መሸመኛ ፋብሪካው ውስጥ የመኪና ክፍል ተቋቋመ። መሐንዲሶቹ የአሜሪካ ሸቭሮሌት ገዝተው ብሎን በብሎን እየፈቱ አጠኑት፤ በ1935 «ኤ1» የተባለውን የመጀመሪያ የሙከራ መኪናና «ጂ1» የተባለውን የጭነት መኪና ሠሩ፤ በ1936 ደግሞ «ኤኤ» የተባለችው የቤት መኪና ለገበያ ቀረበች። ቶዮታ ሞተር ራሱን ችሎ እንደ ኩባንያ የተቋቋመው በነሐሴ 1937 ነው።

የዛሬ ደንበኞች ለማመን የሚቸገሩት አንድ ነገር እዚህ ላይ አለ፤ የመጀመሪያዎቹ የቶዮታ የጭነት መኪኖች በየመንገዱ በመቆም የታወቁ ነበሩ። ኩባንያው የተበላሹትን እየተከታተለ በነጻ ይጠግን፣ ብልሽቱንም እየመዘገበ ለፋብሪካው ያስታውቅ ነበር። ገበያው የተረፈላቸው በጥራታቸው ብቻ ነው ማለትም አይቻልም፤ በ1936 የወጣው የጃፓን የመኪና ኢንዱስትሪ ሕግ በአገሪቱ መኪና ይገጣጥሙ የነበሩትን ፎርድንና ጄኔራል ሞተርስን ከሜዳው እየገፋ ለአገሬው አምራቾች ቦታ ለቀቀላቸው።

የቤተሰቡ ስም ቶዮዳ ከሆነ መኪናው ለምን ቶዮታ ተባለ?

በ1936 ኩባንያው ለመኪናው ምልክት የሚሆን ንድፍ እንዲቀርብለት ሕዝቡን ጠይቆ 27,000 ያህል ሐሳቦች ደረሱት። ያሸነፈው ንድፍ ስሙን «ቶዮታ» ብሎ የጻፈ ነበር። ድምፁ ጠራ ያለ ነው ተባለ፤ በጃፓን ፊደል ሲጻፍ በስምንት ጭረት ያልቃል፤ ስምንት ደግሞ በዚያ አገር የመልካም ዕድል ቁጥር ነው። ቶዮዳ በቀጥታ ሲተረጎም «ለም የሩዝ ማሳ» እንደ ማለት ስለሆነ፣ ለፋብሪካ ምርት ከእርሻ ስም ራቅ ማለቱም ሳይጠቅም አልቀረም። ዋናው ፋብሪካ የሚገኝባት የኮሮሞ ከተማ ራሷ በ1959 ስሟን ቀይራ ቶዮታ ተብላለች።

ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ ሊዘጋ ነበር ይባላል፤ ምን ሆኖ ነው?

ከመዘጋት የተረፈው ለጥቂት ነው። ፋብሪካው ጃፓን እጇን ከመስጠቷ አንድ ቀን ቀደም ብሎ፣ ነሐሴ 14 ቀን 1945፣ በቦምብ ተመታ። ከዚያ በኋላ የመጣው ግን ከቦምቡ የባሰ ነበር። በ1949 የዋጋ ንረትን ለማቆም የተወሰደው ጥብቅ የገንዘብ ፖሊሲ ገበያውን ስላደረቀው፣ የተሸጡ መኪኖች ክፍያ አልሰበሰብ አለ፤ ኩባንያው ደመወዝ መክፈል አቃተው። ባንኮች ብድር የሰጡት የሽያጩ ሥራ ከምርቱ ተለይቶ ራሱን የቻለ ኩባንያ እንዲሆንና ወጪ እንዲቀነስ በመጠየቅ ነበር። ሠራተኛ አላባርርም ብሎ የነበረው ኪይቺሮ ከ1,500 በላይ ሠራተኞችን ለማሰናበት ተገደደ፤ ሠራተኛውም የሥራ ማቆም አድማ መታ። በመጨረሻ ኪይቺሮ ኃላፊነቱን ራሱ ወስዶ በሰኔ 1950 ከፕሬዚዳንትነቱ ለቀቀ።

በዚያው ወር የኮሪያ ጦርነት ፈነዳና የአሜሪካ ጦር የጭነት መኪና በብዛት ማዘዝ ጀመረ፤ ቶዮታም ነፍስ ዘራ። ኪይቺሮ ግን ወደ ቦታው ሳይመለስ በ1952 በ57 ዓመቱ ዐረፈ። እኛ ኢትዮጵያውያን የኮሪያን ጦርነት የምናስበው በቃኘው ሻለቃ ነው፤ ያው ጦርነት ጃፓን ውስጥ የከሰረ የመኪና ፋብሪካ ማዳኑን ማሰብ እንግዳ ስሜት ይሰጣል። የሽያጩና የምርቱ ኩባንያዎች እንደገና የተዋሐዱት በ1982 ነው።

«የቶዮታ የአመራረት ሥርዓት» የሚባለው ምንድን ነው? ለምንስ በየዩኒቨርሲቲው ይጠናል?

የሥርዓቱ ዋና አባት ታይቺ ኦኖ ነው፤ እርሱም ወደ መኪናው ፋብሪካ የመጣው ከቤተሰቡ የፈትልና የሽመና ኩባንያ ነበር። ኦኖ የሳኪቺን መሸመኛ ሐሳብ ወስዶ ለሰዎች ሰጠው። በመገጣጠሚያው መስመር ላይ ያለ ማንኛውም ሠራተኛ ጉድለት ሲያይ ከራሱ በላይ የተዘረጋውን ገመድ ይስባል፤ መብራት ይበራል፣ ኃላፊው ይደርሳል፣ ችግሩ በጊዜው ካልተፈታ መስመሩ ይቆማል። በሌሎች ፋብሪካዎች መስመር ማስቆም ከሥራ የሚያስባርር ጥፋት በነበረበት ዘመን ቶዮታ ውስጥ እንደ ግዴታ ተቆጠረ።

ሁለተኛው ምሰሶ የሚያስፈልገውን ዕቃ በሚያስፈልግበት ሰዓት፣ በሚያስፈልገው መጠን ብቻ ማቅረብ ነው። ይህ ሐሳብ የኪይቺሮ ነበር፤ ኦኖ ደግሞ መልክ የሰጠው የአሜሪካን ሱፐርማርኬት አሠራር ምሳሌ አድርጎ ነው። በሱፐርማርኬት መደርደሪያ ላይ የሚተካው ደንበኛ ያነሣው ዕቃ ብቻ እንደሆነ ሁሉ፣ በፋብሪካውም ቀጣዩ ክፍል የወሰደውን ያህል ብቻ እንዲመረት «ካንባን» የሚባል ትንሽ ካርድ ከክፍል ወደ ክፍል ይዘዋወራል። መጋዘን ሙሉ ዕቃ ሲኖር ጉድለት ይደበቃል፤ ዕቃው ሲያንስ ግን ጉድለቱ ወዲያው አደባባይ ይወጣል።

ሦስተኛው ልማድ «ለምን» ብሎ አምስት ጊዜ መጠየቅ ነው። ኦኖ ራሱ ይሰጥ የነበረው ምሳሌ የቆመ ማሽን ነው። ለምን ቆመ? ፊውዙ ተቃጥሎ። ለምን ተቃጠለ? ኩሽኔታው በቂ ዘይት ስላላገኘ። ለምን አላገኘም? የዘይት ፓምፑ በደንብ ስለማይስብ። ለምን? ዘንጉ ስለተበላ። ለምን ተበላ? ማጣሪያ ስለሌለው የብረት ብናኝ ስለገባበት። ፊውዝ ለውጦ የሄደ ሰው ከጥቂት ጊዜ በኋላ ይመለሳል፤ ማጣሪያ የገጠመ ግን አይመለስም። በየጋራዡ ያሉ መካኒኮቻችን ይህንን ቢያነቡት ፈገግ የሚሉ ይመስለኛል፤ ከእነርሱም ጎበዞቹ ስሙን ሳያውቁ ይሠሩበታልና።

ሥርዓቱ ጃፓናዊ ባሕርይ ነው የሚለውን አስተያየት ያፈረሰው በካሊፎርኒያ፣ ፍሪሞንት የተደረገው ሙከራ ነው። ጄኔራል ሞተርስ በሠራተኞች ከሥራ መቅረትና በጥራት ጉድለት ተማርሮ በ1982 የዘጋውን ፋብሪካ ሁለቱ ኩባንያዎች በ1984 በጋራ ከፈቱት፤ አብዛኞቹ ሠራተኞች የቀድሞዎቹ ሆነው ሳለ በአጭር ጊዜ ጥራቱ ከጃፓን ፋብሪካዎች ጋር የሚወዳደር ሆነ። ፋብሪካው በ2010 ተዘግቶ ዛሬ የቴስላ ነው።

በአሜሪካ ገበያ የተሳካላቸው እንዴት ነው?

በመጀመሪያ አልተሳካላቸውም። በ1957 የተላከችው ክራውን ለጃፓን ጠባብና ጎርበጥባጣ መንገድ የተሠራች ስለነበረች በአሜሪካ አውራ ጎዳና ላይ ጉልበት አጣች፤ ሞተሯም ይግል ነበር። በመጀመሪያው የሽያጭ ዓመት የተሸጡት 287 ክራውኖችና አንዲት ላንድክሩዘር ናቸው። ቶዮታ በ1960 የቤት መኪና መላኩን አቁሞ ለዚያ መንገድ የሚሆን ሌላ መኪና ነደፈ፤ በ1965 በኮሮና ተመለሰ። በ1966 ጃፓን ውስጥ የወጣችው ኮሮላ ከ2 ዓመት በኋላ አሜሪካ ገባች፤ የ1973ቱ የነዳጅ ቀውስ ሲመጣም ነዳጅ የምትቆጥብ ትንሽ መኪና በእጃቸው ነበረች። ኮሮላን የመሩት መሐንዲስ ታትሱኦ ሃሴጋዋ የቀድሞ የአውሮፕላን ነዳፊ ሲሆኑ፣ መኪና በአንድ ነገር 100 አግኝቶ በሌላው ከሚወድቅ በሁሉም ከ80 በላይ ቢያገኝ ይሻላል የሚል መመሪያ ነበራቸው። ይህች ምንም የማታስገርም፣ ግን የማታሳፍር መኪና በ2021 የ50 ሚሊዮን ሽያጭ መስመር አለፈች።

ላንድክሩዘርስ?

ትውልዱ ከዚያው ከኮሪያ ጦርነት ዘመን ነው። በ1951 «ቢጄ» በሚል ስም የተሠራው መኪና የፉጂን ተራራ እስከ ስድስተኛው ማረፊያ ድረስ በመውጣቱ የጃፓን ፖሊስ ተቀበለው፤ ላንድክሩዘር የሚለው ስም የመጣው በ1954 ነው። በ1984 የወጣው ባለ 70 ተከታታይ ሞዴል ዛሬም እየተመረተ ሲሆን፣ ይህም በእኛ አገር ለአምቡላንስና ለእርዳታ ድርጅቶች ሥራ የምናውቀው ሃርድቶፕ የወጣበት ቤተሰብ ነው። የዚህ ዓይነቱ ዝና ደስ የማይል ገጽታም አለው፤ በ1987 በቻድና በሊቢያ መካከል የተካሄደው የመጨረሻው የጦርነት ምዕራፍ የቻድ ወታደሮች ሚሳይል በጫኑ ፒካፖች ስለተዋጉ «የቶዮታ ጦርነት» ተብሎ ቀርቷል።

በኢትዮጵያ ይህን ያህል ተወዳጅ የሆነው ለምንድን ነው?

መኪናው ጥሩ ስለሆነ ብሎ መመለስ ግማሹን መተው ነው። በአዲስ አበባ መንገዶች ላይ እንደ ሰው ቅጽል ስም የወጣላቸው መኪኖች አብዛኞቹ ቶዮታዎች ናቸው። የ1980ዎቹ ኮሮላ «ዲኤክስ» ይባላል፤ ሃይስ ሚኒባሶች እንደ ዘመናቸው «ዶልፊን» እና «አባዱላ» ተብለዋል፤ «ቪ8» ሲባል ደግሞ መኪናው ብቻ ሳይሆን ከኋላ የተቀመጠው ባለሥልጣንም አብሮ ይታሰባል። ከአውሮፓ በያሪስ ስም የገባችውን ጭምር ሕዝቡ «ቪትዝ» ብሎ ጨርሶታል።

አንድ መኪና በአንድ አገር ሲበዛ መለዋወጫው በየሱቁ ይገኛል፤ መለዋወጫው ሲገኝ መካኒኩ ይለምደዋል፤ መካኒኩ ሲለምደው ገዢው ይደፍራል፤ ገዢ ሲበዛ ዋጋው አይወርድም። በዚህ ዙር ውስጥ አንዴ የገባ መኪና ከእርሱ የተሻለ ቢመጣ እንኳ በቀላሉ አይወጣም። በተለይ የብር የመግዛት አቅም በወረደባቸው ዓመታት መኪና ለብዙ ቤተሰብ የቁጠባ ደብተርም ሆኖ አገልግሏል፤ ቶዮታ የገዛ ሰው ሲሸጠው ገንዘቡን አያጣም የሚለው እምነት ከሞተሩ ጥንካሬ እኩል ዋጋ አለው። የሰላሳና የአርባ ዓመት ዲኤክስ የተጠየቀበትን ዋጋ ሰምቶ የውጭ አገር ሰው ሲደነግጥ ያየ ይህን ይረዳዋል። እንደ እኛ አቆጣጠር በ2012 ዓ.ም. የወጣው የኤክሳይዝ ታክስ አዋጅ ቁጥር 1186 በሚገቡ ያገለገሉ መኪኖች ላይ ከባድ ታክስ በመጣሉ፣ ቀድመው የገቡት አሮጌዎች ጭራሽ ተወደዱ።

ሌክሰስ የቶዮታ ነው?

አዎ። ባለጸጎች ቶዮታ የሚለውን ስም ለቅንጦት መኪና እንደማይቀበሉት ስለተገመተ በ1989 በአሜሪካ በተለየ ስምና በተለየ መሸጫ ቤት ቀረበ። ሂኖ የጭነት መኪናና ዳይሃትሱም ለረጅም ዘመን በቶዮታ ቡድን ሥር የኖሩ ናቸው።

ቶዮታ በእርግጥ አይበላሽም?

ይበላሻል። ኩባንያው ራሱም ትልቁን ዋጋ የከፈለው አይበላሽም የሚለውን ዝና ማመን በጀመረበት ጊዜ ይመስላል። በ2008 ጄኔራል ሞተርስን ለ77 ዓመት ከያዘው የዓለም አንደኛነት አወረደው። በቀጣዩ ዓመት በካሊፎርኒያ፣ ሳን ዲዬጎ አቅራቢያ፣ የነዳጅ ፔዳሉ ምንጣፍ ውስጥ የተቀረቀረበት ሌክሰስ መቆም አቅቶት የአራት ሰዎች ሕይወት ጠፋ። በምንጣፉና በሚጣበቅ ፔዳል ምክንያት በዓለም ዙሪያ ከ8 ሚሊዮን በላይ መኪኖች ለጥገና ተጠሩ። የኪይቺሮ የልጅ ልጅ የሆኑት አኪዮ ቶዮዳ በየካቲት 2010 በአሜሪካ ምክር ቤት ፊት ቀርበው፣ ኩባንያው ከአቅሙ በላይ በፍጥነት ማደጉን፣ ደኅንነት፣ ጥራት፣ ከዚያ ብዛት የሚለው ቅደም ተከተልም መዛባቱን አመኑ። በናሳ መሐንዲሶች የተደረገው ምርመራ በ2011 የኤሌክትሮኒክስ ጉድለት ለዚህ ምክንያት መሆኑን እንዳላገኘ ቢገልጽም፣ ኩባንያው ስለ ጉድለቶቹ ሕዝቡን አሳስቷል በሚል ክስ በ2014 የ1.2 ቢሊዮን ዶላር ቅጣት ከፍሏል። ከፔዳሉ ይልቅ ስሙን የጎዳው ዝምታው ነው፤ ክሩ ተበጥሶ ሳለ መሸመኛው አልቆመም።

ሁለተኛው ስንጥቅ በቅርቡ የታየ ነው። ሂኖ በ2022 የሞተር ጭስ ምርመራ ውጤቶችን ሲያዛባ መኖሩን አመነ። ዳይሃትሱ ደግሞ በታኅሣሥ 2023፣ አንዳንዶቹ በቶዮታ ስም የሚሸጡ 64 ሞዴሎችን በሚነካ የደኅንነት ፍተሻ ማጭበርበር ምክንያት መኪና ማከፋፈሉን ሙሉ በሙሉ አቆመ፤ ጥፋቱ እስከ 1989 ወደ ኋላ የሚሄድ ሆኖ ተገኘ። መርማሪዎቹ እንደ ምክንያት ያነሡት የቀነ ገደብ ጫናና ችግርን ለአለቃ መናገር የማይቻልበትን የሥራ ሁኔታ ነው። ገመዱን የሚስብ ሰው ጠፍቶ ነበር ማለት ነው። በ2024 ቶዮታ ራሱም በጥቂት ሞዴሎች የፈቃድ ፍተሻ ላይ ሕግ መጣሱን አምኖ ይቅርታ ጠይቋል።

በኤሌክትሪክ መኪና ወደ ኋላ ቀርቷል የሚባለውስ?

በከፊል ልክ ነው። በ1997 ፕሪየስን ሲያወጣ ነዳጅና ኤሌክትሪክ የሚያዳቅል መኪና በብዛት በማምረት የቀደመው አልነበረም፤ በ2014 ደግሞ በሃይድሮጅን የምትሠራውን ሚራይን ለገበያ አቀረበ። በባትሪ ብቻ ለሚሄደው መኪና ግን የዘገየው አውቆ ነው፤ የኩባንያው አቋም የኃይል አቅርቦቱና የገዢው አቅም ከአገር አገር ስለሚለያይ አንድ መንገድ ለሁሉም አይሆንም የሚል ነው። በ2022 የመጣችው ቢዚ4ኤክስም ገና ከጅምሩ የጎማዋ ብሎኖች ሊላሉ ይችላሉ ተብሎ እንዳትነዳ ማስጠንቀቂያ ወጣባት፤ በኋላ ተስተካክላለች። ኢትዮጵያ በ2024 በነዳጅ የሚሠሩ የግል መኪኖች እንዳይገቡ ከከለከለች ወዲህ ጉዳዩ ለእኛም ቅርብ ሆኗል፤ የቻይና ስሞች በአዲስ አበባ መንገድ የበዙት ቶዮታ ቀስ ባለበት ሜዳ ነው።

ያገለገለ ቶዮታ ስገዛ ስሙን ብቻ አምኜ መግዛት እችላለሁ?

አይመከርም። ስሙ የሚነግርዎ መኪናው ከፋብሪካ ሲወጣ ምን እንደነበረ ነው፤ ከዚያ በኋላ የት እንደዋለ፣ ማን እንደነዳው፣ ኦሪጅናል መለዋወጫ ወይስ ኮፒ እንደገባለት አይነግርም። ከጃፓን ገበያ የወጣ መኪና መሪው በቀኝ ስለነበር፣ ወደ ግራ የተቀየረ ከሆነ ሥራው በጥንቃቄ መሠራቱን የሚያምኑት መካኒክ ይይልዎ።

ብዙዎች የሚዘነጉት የአየር ከረጢቱን ነው። ታካታ የተባለው የጃፓን ኩባንያ ያመረታቸው የአየር ከረጢት መንፊያዎች ዓመታት ሲያልፉባቸው፣ በተለይም በሙቀትና በእርጥበት፣ በግጭት ጊዜ ፈንድተው የብረት ስብርባሪ ወደ ነጂው ሊረጩ ስለሚችሉ፣ ከ2000ዎቹ የተመረቱ በርካታ ኮሮላዎችና ያሪሶችን ጨምሮ ከብዙ አምራቾች መኪኖች ለቅያሪ ተጠርተዋል። መኪናው ከተጠራበት አገር ሳይቀየርለት ወጥቶ በሦስተኛ አገር ሲሸጥ ጥሪው አብሮት አይመጣም። ስለዚህ ውል ከመፈረምዎ በፊት በሊብሬው ላይ ያለው የሻንሲ ቁጥር በመኪናው ላይ ከተመታው ጋር አንድ መሆኑን ያረጋግጡ፤ ከዚያም ቁጥሩን በአገር ውስጥ ወኪሉ ዘንድ ወይም መኪናው ከአሜሪካ የመጣ ከሆነ በዚያ አገር የመንገድ ደኅንነት መሥሪያ ቤት ድረ ገጽ ላይ አስገብተው ያልተፈጸመ ጥሪ እንዳለበት ይመልከቱ። ፍለጋው ክፍያ የለውም፤ ጥቂት ደቂቃም አይፈጅም።